ከጅጅጋ እስከ ናይሮቢ ትራክ፦ አሮጌ ዲኤክስ ሄዳ እንድትመለስ

ጅጅጋ ውስጥ መኪና በፍጥነት መንዳት የሚያምረው ወጣት የት ይሂድ? ትራክ የለንም። ያለን ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወስደው ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። አመሻሽ ላይ አንዳንዱ እዚያ ወጥቶ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል፣ ጓደኛው በስልክ ይቀርጻል፣ ቪዲዮው ሳይመሽ ቲክቶክ ላይ ይወጣል። ችግሩ ግን ያ መንገድ የግመል መሻገሪያም ነው። የባጃጅም፣ የአህያ ጋሪም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችም መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ባለው ዕድሜ ደግሞ ቀዳሚው ገዳይ እሱ ነው። ይህ የእኛ ዕድሜ ነው።

ፍጥነት መውደድ ኃጢአት አይደለም። ቦታው ነው ጉዳዩ። ሌላው ዓለም ለዚህ መላ አለው፤ ሰው የራሱን መኪና ይዞ ትራክ ይሄዳል፣ ይከፍላል፣ መኪናው ይፈተሻል፣ የራስ ቁር አድርጎ ይነዳል፣ ከዚያ በሰላም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጀርመን ውስጥ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር ለማንኛውም ባለመንጃ ፈቃድ ክፍት የሚሆንባቸው ቀናት አሉ። ለእኛ በመሬት የሚደረስበት አማራጭ ኬንያ ነው። ናይሮቢ አጠገብ አቲ ሪቨር ላይ ያለው ዊስሊንግ ሞራንስ ሰዎች የራሳቸውን መኪና ይዘው በሰዓት የሚፎካከሩበት አጭር የአስፋልት ትራክ ነው።

እኔና ሁለት ጓደኞቼም እዚያ ለመሄድ አስበን ዝግጅት ከጀመርን ወራት አልፈዋል። የምንሄደው በኪራይ መኪና ወይም በአውሮፕላን አይደለም። የምንሄደው በቤታችን ዲኤክስ ነው። ስለ ዝግጅቱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀኝ ግን «ሞተሯን ምን አደረጋችኋት?» ብሎ ነው። መልሱ «ምንም» ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም በአጭሩ ይኸው ነው፦ አሮጌ መኪና ለትራክ የምትዘጋጀው የበለጠ እንድትሮጥ ተደርጋ አይደለም፤ እንድትቆም፣ እንዳትግል እና እንዳትበታተን ተደርጋ ነው።

ዲኤክስ ደግሞ የስፖርት መኪና ናት እንዴ?

ሳቁ እንጂ ግድ የለም። ግን ታሪኩን ስሙ። በእኛ አገር «ዲኤክስ» እያልን የምንጠራት ቶዮታ ኮሮላ በሞዴል ስሟ ኬኢ 70 ትባላለች። ይህ የኮሮላ ትውልድ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ሞተሯ ከፊት ነው፣ የሚገፋት ግን የኋላ እግሯ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ቶዮታ ኤኢ 86 የተባለችውን ስፖርት ኮሮላ ሲያወጣ የወሰደው የዚሁን ትውልድ አቀማመጥ ነው። ኤኢ 86 ማለት ጃፓናዊው የውድድር አሽከርካሪ ኬይቺ ሱቺያ ዝና ያተረፈባት፣ «ኢኒሻል ዲ» የተባለው ማንጋና አኒሜ በዓለም ያስተዋወቃት መኪና ናት። ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ዕንቁ ነው የሚፈልጓት።

ልዩነቱ ሞተሩ ላይ ነው። ኤኢ 86 ባለ 1.6 ሊትር፣ ባለ 16 ቫልቭ ሞተር ነበራት። የእኛዋ ግን ባለ 1.3 ሊትር፣ ባለ ካርቡራተር 4ኬ ሞተር ናት ያላት። ጉልበቷ ትንሽ ነው። ክብደቷ ግን ከአንድ ቶን በታች ነው፣ የምትገፋውም ከኋላ ነው። መሪ መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አስተማሪ ማግኘት ከባድ ነው። ስህተትህን ቀስ ብላ ታሳይሃለች። ጉልበት ያለው አዲስ መኪና ግን ስህተትህን የሚያሳይህ ከመንገድ ከወጣህ በኋላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ እጃችን ላይ ያለችው አሮጌ መኪና ዋጋዋ ሌላ ሆኗል። እሷን ካበላሸሃት የምትተካት ሌላ የለችም። አባቴ ሊብሬውን ሲሰጠኝ ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው። «ነድተሃት ሄደህ ነድተሃት ተመለስ። በጭነት መኪና ተጭና እንዳላያት» አለኝ። የምንሠራውን ሥራ በሙሉ የሚመራው ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።

2,000 ኪሎ ሜትር ለ80 ኪሎ ሜትር

ሒሳቡን እንየው። ከጅጅጋ አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 770፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። አንድ ጉዞ ብቻ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ትራክ ላይ የሚነዳው በአብዛኛው ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ እየገቡ እየወጡ ነው። በቀን አራት ጊዜ ብንገባ ጠቅላላው 80 ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ለ80 ኪሎ ሜትር ብለን ደርሶ መልስ ከ4,000 በላይ እንነዳለን ማለት ነው።

ስለዚህ ለትራክ ብቻ ተብሎ የሚደረግ ነገር ሁሉ መንገዱን መቻል አለበት። መኪናዋን መሬት ላይ የሚያስተኛ ሞላ ብታስገባ ትራክ ላይ ሊያምር ይችላል፤ አርሲ ነገሌና ዲላ መካከል ያለው ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ግን ሆዷን ይፍቀዋል። ጠንካራ የውድድር ፍሬን ብታደርግ ካልጋለ በደንብ አይዝም፤ ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ከተማ ውስጥ ፊትህ ላይ ፍየል ስትገባ ያን ጊዜ ታውቀዋለህ። አማራጩ ደህና ጥራት ያለው፣ አዲስ፣ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ በነበራት መጠን የሆነ ዕቃ ነው።

መጀመሪያ ፍሬን

የምንሠራበት ጋራዥ ባለቤት እድሜያቸው የገፋ መካኒክ ናቸው። እዚህ በሶማሊኛ ለታላቅ ሰው እንደሚባለው «አደር» ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ቀን ኮፈኑን ከፍተን ስለ ካርቡራተር ማውራት ስንጀምር ዘጉብን። «ወላሂ፣ ማቆም የማትችለውን ነገር አታስሩጥ» ብለው ክሪኩን ከፊት እግሯ ሥር አስገቡ።

ትክክል ናቸው። አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ አንድ ጊዜ ሲቆም የሚፈጠረው ሙቀት ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ ለማፍላት ይበቃል። ይህ የአንድ ፍሬን ሙቀት ነው። ትራክ ላይ ደግሞ በየአንድ ደቂቃው ብዙ ጊዜ ትይዛለህ። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሙቀቱ በአራት እጥፍ ነው የሚጨምረው።

ያ ሙቀት ሄዶ ሄዶ የሚደርሰው የፍሬን ዘይቱ ጋ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው 205 ዲግሪ ላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ እርጥበት ሲይዝ 155 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ከፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። በእኛ አገር አሮጌ መኪኖች የፍሬን ዘይት ሲቀንስ ይጨመርላቸዋል እንጂ ብዙ ጊዜ አይቀየርም። የእኛዋን ስናወጣው ሻይ መስሎ ነበር።

የሠራነው ይህን ነው፦

• ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አውጥተን በአዲስ ዶት 4 ቀየርን። ከሩቁ የኋላ እግር ጀምረን ወደ ሾፌሩ እየቀረብን አየሩን አስወጣን። ቆርቆሮው ከተከፈተ የቆየ ዘይት አልገዛንም፣ ርካሽ ቢሆንም።

• የፊት ዲስኩን ውፍረት ለካን፣ ፓዱን ቀየርን። የኋላውን ከበሮ ከፍተን ሸራውንና የሚያንጠባጥበውን ትንሿን ሲሊንደር አየን። አንደኛው ያንጠባጥብ ስለነበር ጥንዱን ቀየርን።

• የፍሬን ጎማ ቱቦዎችን በሙሉ ለወጥን። ከላይ ደህና የሚመስል የ40 ዓመት ጎማ ከውስጥ አብጦ ዘይት ሊያግድ ይችላል።

ስለ ዋጋ የምትጠይቁኝ ካላችሁ፣ ለዚህ የወጣው ገንዘብ አንዳንድ ሰው ለማርሚታ ድምፅ ከሚያወጣው ያንሳል።

ጅጅጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል

ጅጅጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 95 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። መሃሉ ላይ ያለው ልዩነት ይህችው ናት።

ልዩነቱን የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ብዙ ሰው ክዳን ማለት ውሃ እንዳይፈስ የሚከድን ነገር ብቻ ይመስለዋል። ሥራው ሌላ ነው፤ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ግፊት ይፈጥራል። 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 20 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ያላት መኪና ካራማራን ስትወጣ ብትፈላ አይገርምም። ሰውዬው ግን «ቴስታታው ሄዷል» ተብሎ ሞተር ያስፈታል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ።

ሁለተኛው ኩላንት ነው። «እኛ አገር በረዶ የለም» ተብሎ ባዶ ውሃ ይሞላል። ኩላንት ግን ከበረዶ መከላከል ሌላ ሁለት ሥራ አለው፤ የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ ውስጡ እንዳይዝግም ይከላከላል። ባዶ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጣ ራዲያተር ውስጡ እንደ ማንቆርቆሪያ ነጭ ድንጋይ ይይዛል። የእኛን ራዲያተር አውጥተን ከፍተን አስጠረግነው፤ ከዚያ ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ሞላን። የላይኛውንና የታችኛውን የራዲያተር ቱቦ፣ ቴርሞስታቱን እና የቬንቲሌተሩን ቺንጋ ለወጥን። አሮጌውን ቺንጋና ቱቦ ግን አልጣልነውም፤ ለመጠባበቂያ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል።

ማወቅ የሚገባችሁ አንድ ዘዴ አለ። መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው ሲወጣ የቤት ውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ላብ ታልባላችሁ፣ ግን ሞተሩ የተወሰነ ሙቀት ወደ እናንተ ይልካል። የጋለ ራዲያተር ክዳን ግን በምንም ዓይነት አትክፈቱ። ፊት የተቃጠለ ሰው ጅጅጋ ውስጥ አንድ ብቻ አይደለም።

ጎማው ላይ የተጻፈውን አንብቡ

ጎማ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2319 ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ዕድሜው የገፋ ጎማ ብዙ ነው፤ በተለይ ለዓመታት ቆማ የኖረች መኪና ላይ። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲግል ይላጣል። ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ምንም ያህል ቢያምር ለትራክ አይሆንም፤ ከ6 ዓመት ያለፈውን ደግሞ በደንብ መርምሩት። ስኮርታውንም አትርሱ፤ ማርሳቢት ላይ የምታወጡት እሱን ነው።

የዲኤክስ ቸርኬ 13 ኢንች ነው። በዚህ መጠን ጥሩ ጎማ ማግኘት ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ ነው። እኛ አራቱንም አንድ ዓይነት ለማግኘት ሁለት ወር ፈጅቶብናል። ሁለት ዓይነት ጎማ ከፊትና ከኋላ ቀላቅሎ ትራክ መግባት ግን ሁለት ዓይነት ጫማ አድርጎ ኳስ እንደመጫወት ነው፤ ወደየት እንደምትንሸራተት አታውቅም።

ዳዶ የሚጠበቀው በጉልበት ሳይሆን በመለኪያ ነው። ጎሚስታው በእግሩ እየረገጠ ሲያጠብቅ ቡሎኑን ይስበዋል፤ ትራክ ላይ ሲግል ይበጠሳል። በእኛዋ ዓይነት መኪና 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ደግሞ እንደገና ይፈተሻል። የጎማ አየርም እንዲሁ ነው፤ ሲግል ስለሚጨምር በቀዝቃዛው ለክቶ ከተለመደው ብዙ አለማብዛት ይሻላል።

ከሥሯ ስንገባ ያየነውን ደግሞ በጅምላ ልንገራችሁ፦ የመሪ መገጣጠሚያዎች፣ የፊት እግር ኩሽኔታ፣ የአሞርዛተር ዘይት ማንጠባጠብ፣ የካርዳን መስቀለኛ። ኳኳታ የሚያሰማ ነገር ሁሉ ከጉዞ በፊት ስም ሊኖረው ይገባል። «ድሮም ትላለች» ተብሎ የሚታለፍ ድምፅ አደር ጋራዥ ውስጥ አይሠራም።

ሞተሩን ለምን ተውነው?

ከፍታ ላይ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ጅጅጋ ላይ ሞተር ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ካርቡራተር ያለው መኪና ደግሞ ራሱን አያስተካክልም። አጋጣሚው ግን ጥሩ ነው፤ ናይሮቢና አካባቢዋም ከጅጅጋ ጋር ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ናቸው። እዚህ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያም ይሠራል። መሃሉ ላይ አዋሽ ከ1,000 ሜትር በታች፣ ሞያሌም ዝቅ ያለች ናት፤ እዚያ ቤንዚኑ በመጠኑ ስለሚያንሰው እየረገጡ መሄድ አያስፈልግም።

ስለዚህ ያደረግነው መደበኛ እንክብካቤ ብቻ ነው። ካንዴላ፣ የአየር ማጣሪያ፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ የቤንዚን ቱቦዎች። የመጨረሻዋን አስምሩባት። አሮጌ መኪና የምትቃጠለው ብዙ ጊዜ በደረቀ የቤንዚን ቱቦ ነው፤ ጠብታው የጋለ ብረት ላይ ያርፋል። ቱቦ ርካሽ ነው። የእሳት ማጥፊያው ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ከዕቃ ሥር ሳይሆን ከሾፌሩ ወንበር አጠገብ ይታሰራል።

ዘይት ሁልጊዜ የላይኛው ምልክት ላይ ይሁን። ረጅም መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ከጎደለ ፓምፑ አየር ይስባል። ባትሪዋም በሽቦ ሳይሆን በደንብ በብረት ትታሰር። ትራክ ላይ ፈታሾች መጀመሪያ የሚነኩት እሷን ነው።

ፈተናው ካራማራና ደንገጎ ላይ ነው

የተሠራች መኪና ወዲያው 2,000 ኪሎ ሜትር አትነዳም። ቤት አጠገብ ትፈተናለች። እኛ ደግሞ በዚህ ዕድለኞች ነን። ከጅጅጋ ወደ ምዕራብ ስትወጡ ካራማራ አለ፤ ያ የሙቀት ፈተና ነው። ቀትር ላይ፣ ሦስት ሰውና ሙሉ ዕቃ ይዘን ወጣነው። መለኪያዋ ከግማሽ አላለፈችም።

ቀጥሎ ባቢሌ፣ ሐረር፣ ከዚያ ደንገጎ። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው፤ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ብዙ መቶ ሜትር ይወርዳል። ለፍሬን ከዚህ የተሻለ ፈታኝ የለም። ግን ልብ በሉ፣ እዚያ የምንፈትነው ፍጥነትን አይደለም። በሦስተኛና በሁለተኛ ማርሽ እየወረድን፣ በየጊዜው ቆመን የየእግሩን ሙቀት በቴርሞሜትር ለካን፣ ፔዳሉ ይለሰልስ እንደሆነ አየን። የኋላ ቀኝ እግር ከሌሎቹ ይግል ነበር። ከበሮው ሲከፈት የእጅ ፍሬኑ ገመድ ሙሉ በሙሉ እንደማይላቀቅ ታወቀ። ይህ ናይሮቢ ላይ ቢታወቅ ኖሮ ቀኑ አብቅቶ ነበር።

ከዚያ ወደ ደጋሀቡር አንድ ቀን ደርሰን ተመለስን። ረጅም፣ ሞቃት፣ አንድ ወጥ ፍጥነት ያለው መንገድ ነው። ስንመለስ የዘይት መጠኑን ለካን፣ ሁሉንም ዳዶ ነካን፣ ከሥሯ ካርቶን ዘርግተን አሳደርናት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ ሁለት ጠብታ ነበር፤ ከካምቢዮ ነው። እሱም ተሠራ።

ወረቀት ከፍሬን እኩል ነው

መኪና ይዞ ድንበር መሻገር መሮጥ አይደለም፤ ሰነድ ነው። በስም የሆነ ትክክለኛ ሊብሬ፣ የዓመቱ ቦሎ፣ ፓስፖርት፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሊብሬው የእናንተ ካልሆነ የባለቤቱ ውክልና አብሮ ይሄዳል፤ የእኔን አባቴ ሰጥቶኛል። መኪናዋ ለጊዜው ወጥታ እንደምትመለስ ከጉምሩክ ጋር አስቀድሞ መጨረስ ያለበት ጉዳይ ነው፤ በኬንያ በኩልም በጊዜያዊነት ነው የምትገባው። የጅጅጋ ልጆች ይህን በደንብ እናውቀዋለን፤ ወረቀቷ የማይታወቅ መኪና ከተማ ውስጥ ልትዞር ትችላለች፣ ድንበር ላይ ግን ትቀራለች። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች ባለሥልጣናት በአንድ ቦታ የሚሠሩበት የጋራ ድንበር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ተመርቋል።

ኢንሹራንስን በተመለከተ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባል አለ። በአባል አገሮች ውስጥ ሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚሠራ ሲሆን ኢትዮጵያም ኬንያም ጅቡቲም ውስጡ አሉ። ከአገር ውስጥ ኢንሹራንስ ኩባንያ ይገዛል። ግን ውሉን አንብቡት፤ የመኪና መድን በተለምዶ የውድድር ቦታ ላይ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም። ትራክ ላይ የሚሰበር ነገር ከኪስ ነው።

ኬንያ ውስጥ በግራ ነው የሚነዳው። የእኛ መሪ ደግሞ በግራ ነው። ከኋላ ሆናችሁ የጭነት መኪና ለመቅደም ስታስቡ ከፊት የሚመጣውን አታዩም። መፍትሔው የተሳፋሪውን ዓይን መጠቀም እና አለመቸኮል ነው። መብራቷም ወደ ቀኝ ስለምታዘነብል ከፊት የሚመጣውን ታሳውራለች፤ ከድንበሩ በኋላ በማታ አንነዳም ብለናል። በአገር ውስጥም በማታ አንነዳም፤ በደቡብ በኩል ያለውን የመንገድ ሰላም ደግሞ ከመነሳት በፊት በየከተማው ከሚያውቁ ሾፌሮች ስልክ ደውለን ነው የምናጣራው።

ትራክ ላይ ስትደርሱ

ዕቃው ሁሉ ይወርዳል፤ ክሪክ፣ ጀሪካን፣ ምንጣፍ፣ የውሃ ላስቲክ ሳይቀር። ፔዳል ሥር የገባ አንድ የውሃ ላስቲክ ፍሬንን ሊያስቆም ይችላል። የራስ ቁር፣ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ፣ የተዘጋ ጫማ ይደረጋል። የባንዲራ ቋንቋ አስቀድሞ ይጠናል፦ ቢጫ አደጋ አለ ቀንስ ነው፣ ቀይ ተራው ቆሟል ነው፣ ሰማያዊ ከኋላህ ፈጣን መጥቷል አሳልፍ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ለማሞቅ ነው። የመጨረሻው ዙር ለማቀዝቀዝ ነው፤ ፍሬን ሳይያዝ በቀስታ ይነዳል። ቆማችሁ ስትወጡ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ የጋለ ሸራ ከበሮው ላይ ይጣበቃል። ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ድንጋይ አስደግፉ። ኮፈኑን ክፈቱ። ዳዶ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ የፔዳሉ ጥንካሬ። ይህን ሳታዩ ለሁለተኛ ጊዜ አትግቡ።

ኬንያ ራሷ የዚህ ምሳሌ ናት። የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረ ሲሆን በታሪኩ ብዙ ፈጣን መኪኖች መሃል መንገድ ቀርተዋል። ኬንያዊው ሼካር ሜታ ከ1979 እስከ 1982 አራት ተከታታይ ዓመት ያሸነፈው በዳትሰን መኪኖች ነው፤ ቶዮታ ሴሊካም ከ1984 እስከ 1986 ተከታትላ አሸንፋለች። እነዚህ መኪኖች ከሁሉ ፈጣን ስለነበሩ ብቻ አይደለም። አቧራውን፣ ጭቃውን እና ጉድጓዱን ችለው መጨረሻው ላይ የደረሱት እነሱ ስለነበሩ ነው። ዛሬም አሮጌ የስፖርት መኪኖች ብቻ የሚሳተፉበት የኢስት አፍሪካ ሳፋሪ ክላሲክ እዚያው ይካሄዳል።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ከመነሳታችሁ በፊት በጽሑፍ አስቀምጡ፤ መቼ እንደምታቆሙ። እኛ ሦስታችን ፈርመናል። የፍሬን ፔዳል አንዴ ከለሰለሰ የቀኑ ንዳት አበቃ። የሙቀት መለኪያ ከሦስት አራተኛ ካለፈ አበቃ። አዲስ ድምፅ ከመጣና ስሙ ካልታወቀ አበቃ። ከሦስታችን አንዱ «ይበቃል» ካለ ሌሎቹ አይከራከሩም። ትራክ ላይ ደርሰን ሁለት ዙር ብቻ ነድተን ልናቆም እንችላለን። ይሁን። ቀሪው 2,000 ኪሎ ሜትር የመመለሻው ነው፤ አባቴ የሚቆጥረውም እሱን ነው።